ቀይ ቀስት የተሰካበት ሳቅ

ሶፎንያስ ማይክሮፎኑን በራኬብ ኮሌታ ላይ ለመሰካት ጎንበስ አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እሱ ካሜራ ይዞ ያልቆመበት የሐበሻ ሰርግና ክርስትና ጥቂት ነው፤ የስንቱን ሙሽራ ኮሌታ ነካክቷል። ዛሬ ግን ያቺ ትንሽ መቆንጠጫ አልከፈት አለችው።

«ልርዳህ?» አለችው ራኬብ።

«አይ፣ ኦኬ ነው። አዲስ ስለሆነ ነው።»

አዲስ አልነበረም። ማይክሮፎኑ አሮጌ ነበር፤ አዲሷ እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለው የማኅበረሰቡ አዳራሽ በሴቶች ተሞልቷል። ራኬብ ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ልጅ ናት። የሴቶች ማኅበሩ የጋበዛት ሴቶችን የሚያዋርድ ምስል በመገናኛ ብዙኃን እንዳይወጣ ስለሚከለክሉ ሕጎች እንድትናገር ነው። ሶፎንያስ የመጣው ዘወትር የሚቀርጸው ሰው ስለታመመ ነው። ሰውዬው ጉንፋን ባይዘው ኖሮ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጎዳና እየተመላለሱ ሳይተያዩ ያረጁ ነበር።

ሶፎንያስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። «እስኪ ድምፅሽን ልስማው።»

«ሄሎ፣ ሄሎ። አንድ፣ ሁለት...»

«አንድ ሁለትን ሁሉም ሰው ይላታል። ቁርስ ምን በላሽ? እሱን ንገሪኝ።»

«ፈርቼ ምንም አልበላሁም።»

«ምሳስ?»

«ምሳም።»

ሶፎንያስ ጣቱን አንሥቶ ዝም አሰኛት። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠና «ይኸው፣ ሆድሽ እያወራ ነው» አለ። «እሱ እንዳንቺ አይፈራም። ንግግሩን ለእሱ ብንሰጠውስ?»

ራኬብ ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የፊት ረድፍ የተቀመጡት ሴቶች ዘወር ብለው እስኪያዩዋት ድረስ ሳቀች። በግራ በኩል ካሉት ጥርሶቿ አንዱ ከመስመር ወጣ ያለ ነው፤ ሰው ፊት ስትስቅ ሁልጊዜ በእጇ የምትሸፍነው እሱን ነው። ያን ጊዜ ግን ሁለት እጆቿ የንግግሯን ወረቀት ይዘው ነበርና ሳትሸፍነው ቀረች።

ካሜራው በርቶ ነበር።

ንግግሯን ስትጀምር ፍርሃቷ ጠፋ። «አገር ቤት የማስታወቂያ ሕግ አለ» አለች። «የሴትን ክብር የሚነካ ማስታወቂያ አይፈቀድም። ሌሎች ብዙ አገሮችም እንደዚህ ያለ ሕግ አላቸው። እዚህ አሜሪካ ግን የመናገር ነጻነቱ ሰፊ ነው፤ አንድ ምስል ሴትን ስላዋረደ ብቻ መንግሥት ተነሥቶ አይከለክለውም። ቢሆንም የአንቺን ፊት ሳያስፈቅድሽ ወስዶ፣ ያላደረግሽውን አድርጋለች እያለ ገበያ የሚያወጣሽ ሰው በሕግ ይጠየቃል። ይህን እወቁ። ዝም አትበሉ።»

ከዚያ የእኛኑ ሰዎች የዩቲዩብ ሥራ በትልቁ ስክሪን አሳየች። ዓይናቸው በኮምፒውተር እንዲጎላ የተደረገ ሴቶች፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ክብ፣ ጎናቸው ቀይ ቀስት፣ ከሥር ደግሞ «ጉዷ ፈላ!» የሚል ጽሑፍ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ያውቃቸዋላ።

ራኬብ አልሳቀችም። «ይህን የሚሠራው ሰው እናት የለውም?» ስትል ጠየቀች።

ከካሜራው ኋላ የቆመው ሶፎንያስ እናት ነበረው። እህትም ነበረው። ከታዩት ሥዕሎች መካከል ሦስቱን የሠራቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነበር።

እዚህ ላይ የልጁን ሥራ መናገር ግድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዌስትቼስተር፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል። በቀረው ጊዜ፣ የሚቀርጸው ሰርግ ከሌለ፣ ጌድዮን ለሚባል ሰው የዩቲዩብ ቻናል ቪዲዮ እየቆረጠ ያቀናብራል። ቻናሉ «ጉድ በፌርፋክስ» ይባላል፤ ከስሙ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። ተምኔሉንም የሚሠራው ሶፎንያስ ነው። ተምኔል የሚሉት ቪዲዮው ሳይከፈት በፊት በውጭ የሚታየውን ሥዕል ነው፤ አላፊ አግዳሚውን የሚጠራው እሱ ነው። ሶፎንያስ በዚህ ሥራ የተዋጣለት ነው። ቀስቱ ከየት በኩል ቢገባ ዓይን እንደሚይዝ ያውቃል። «ባሏ» ከሚለው ይልቅ «እናቷ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው እንደሚያስከፍት ያውቃል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ተምኔል ውሸት መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም የሚያውቀው ውሸት ደግሞ ማንንም አይጎዳም ብሎ ያምን ስለነበር ነው።

ንግግሩ እንዳበቃ ማይክሮፎኑን ሊያወልቅላት ቀረበ። ሊነግራትም አስቦ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ሆድሽን የሆነ ነገር እናብላው» የሚል ሆነ።

መንገዱን ተሻግረው አንድ ሽሮ ለሁለት አዘዙ። እሷ በረሃብ አጎንብሳ ስትበላ እሱ አያት። ጥቂት ቆይቶ «እነዚያን ተምኔሎች የሚሠራውን ሰው ብታገኚው ምን ትይዋለሽ?» አላት።

«ምንም አልለውም። ፊቱን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሶፎንያስ ፊቱን ወደ ሽሮው ደፋ።

ከዚያ ቀን በኋላ መገናኘት ሰበብ አላጣም። ወደ ማታ ሥራው ከመሄዱ በፊት እስከ ዌስትውድ ድራይቭ አድርጎ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ያነሣታል። መንገድ ሲዘጋጋ ሌላው ሾፌር ሁሉ ይሳደባል፤ እነሱ ግን መብራቱ ቀይ ሆኖ ቢውል ደስ ይላቸዋል። እሷ ስለ ፈተናዋ ታወራለች፤ እሱ ስለ ሆቴሉ እንግዶች ያወራል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከወሬው የበለጠ ይጣፍጣቸው ነበር። ሲያስቃት አሁንም ጥርሷን በእጇ ትሸፍናለች፤ ግን እየቆየች፣ እየዘገየች።

«ለምንድነው የምትሸፍኚው?» አላት አንድ ቀን።

«ትምህርት ቤት ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ማሚን እንኳ የጥርስ ማቅኛ ብሬስ አስገቢልኝ ብዬ ለምኛት ነበር። እንቢ አለች።»

«እግዜር ይስጣቸው።»

«ምን?»

«እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።»

የራኬብ እናት እትዬ ሰርክ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ይሰፋሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን በዚያች ሱቅ አሳድገዋል። ከከንፈራቸው ስፒል አይጠፋም፤ ስፒሉ ግን ከማውራት አያግዳቸውም። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚናገሯት አንዲት ነገር ነበረቻቸው። «እኔና ልጄ የተደባበቅነው ነገር የለም» ይላሉ፤ ወገብ እየለኩ፣ ጥለት እየመረጡ። ሌላ ሴት በቤቷ እንደምትኮራው እሳቸው የሚኮሩት በዚህች ነበር። ስለ ሶፎንያስም ራኬብ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግራቸዋለች።

«የካሜራው ልጅ ጠባዩ እንዴት ነው?» አሏት።

«ያስቀኛል።»

«ማሳቅስ ጥሩ ነው» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

የራኬብ ንግግር ተቆርጦ አልቆ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሶፎንያስ እየደጋገመ ያየው ስለነበር ንግግሩን በቃሉ ሊለው ምንም አልቀረውም። ሰው ሁሉ ቢሰማት ብሎ ተመኘ። ጌድዮን ግን አልለቅም አለ።

«ብሮ፣ ሕግ ማን ያያል?» አለው። «ስለዚህ ተምኔሉን አሙቀውና እለቀዋለሁ። አለበለዚያ ተወው።»

ሶፎንያስ ቁጭ ብሎ አሰበ። ሰው በተምኔሉ ተስቦ ይገባል፤ ከገባ በኋላ እሷን ይሰማል። አንዴ ከሰማት ደግሞ እንዴት ትቷት ይወጣል? እሱ አልቻለማ! በፍቅር ያበደ ሰው ሌላውም ሁሉ እንደሱ ያበደ ይመስለዋል። ከቀረጸው ሁሉ ውብ የሆነውን ምስል መረጠ፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ የሳቀችበትን። ቀይ ክብ አደረገበት፤ ቀይ ቀስት ሰካበት። እጁ የለመደውን ጻፈ፦ «የራኬብ ጉዷ ፈላ! ከእናቷ የደበቀችው ምስጢር ወጣ!»

ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብሎ ነበር የተኛው።

እሑድ እትዬ ሰርክ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ፣ በረንዳው ላይ ተሰብስበው ሲያወሩ የነበሩ ሴቶች ዝም አሉ። ሰላምታቸው ረዘመ፤ ጉንጭ ሲስሟቸው ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። በመጨረሻ አንዷ አላስችል ብሏት ስልኳን ሰጠቻቸው። እትዬ ሰርክ ቪዲዮውን አልከፈቱትም። ሥዕሉን ብቻ አዩት። የልጃቸው ሳቅ፣ ቀስቱ፣ ከዚያም «ከእናቷ» የሚለው ቃል።

ቤት ደርሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ከራኬብ አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

ራኬብ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ያበገናት ሥዕሉ አልነበረም። እናቷ ይህን ጥያቄ በፍርሃት፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ መልሱን እየጠበቁ መጠየቃቸው ነበር።

«የለም፣ ማሚ።»

«ኧረ እንዲያው ነው» አሉ እትዬ ሰርክ። ግን ተነሥተው ሲሄዱ ያመኗት አይመስሉም ነበር።

በማግስቱ ራኬብ ዌስትቼስተር ሄደች። ሶፎንያስ በሆቴሉ ደጃፍ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ቁልፎች በተሰቀሉበት ሳጥን አጠገብ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ በራ። ስልኳን ወደ ዓይኑ ስታስጠጋው ጠፋ።

«ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ጌድዮን ነው ቢል ታምነው ነበር፤ ልቧም የፈለገው ያንን ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ምስሉንም፣ ቀስቱንም፣ ጽሑፉንም።»

«አዳራሽ ውስጥ ያሳየኋቸውስ?»

«ሦስቱ የኔ ናቸው።»

አንድ አውሮፕላን ከራሳቸው በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም መናገር አልቻሉም፤ ተያይተው ቆሙ።

«ለምን?» አለች ድምፁ ሲርቅ።

«ሰው እንዲሰማሽ ነው፣ ራኪ። ሕግ ነው ብዬ ብለጥፈው ማንም አይከፍተውም። በሱ ከገቡ በኋላ ያዳምጡሻል ብዬ...»

«አዳመጡኝ?»

«ብዙ ሰው ከፍቶታል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ፤ አዳመጡኝ ወይ?»

ሶፎንያስ መሬት መሬት አየ። ሰው ምን ያህል እንደቆየ ቻናሉ ያሳያል፤ ሲነጋ አይቶታል። ምስጢር ሲያጡ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ጥለዋት ወጥተዋል። ሥዕሏን ግን ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ልከዋል።

«አላዳመጡሽም» አለ።

«ልከስህ እንደምችል ታውቃለህ?»

«ክሰሺኝ። ምስክር ከፈለግሽ ራሴ እመሰክራለሁ።»

ቀልዱን አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ለዚህም ነው የባሰ ያመማት።

«ሕጉን አውቀዋለሁ» አለች። «ለፊቴ መልስ ይሰጠኛል፣ ለስሜ መልስ ይሰጠኛል። እናቴ ትናንት የደበቅሽኝ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሱን የሚመልስልኝ ሕግ የለም። ደግሞ ያ ሳቅ...» ስልኳን ዘጋች። «ያን ሳቅ እኮ ላንተ ነው የሳቅኩት፣ ሶፊ። ያንተ ነበር። አውጥተህ ገበያ ላይ ጣልከው።»

አንድ እንግዳ ቁልፉን ዘረጋለት። ሶፎንያስ ቁልፉን ተቀብሎ ቀና ሲል እሷ ሄዳለች። አፏን በእጇ ሸፍናለች።

ያንኑ ዕለት ቪዲዮውን አጠፋው፤ ግን ሥዕሉን ሌሎች ቻናሎች ወስደው የየራሳቸውን ቀስት ሰክተውበት ነበር። ደወለ፤ አታነሣም። ጻፈ፤ አትመልስም። ግራ ሲገባው ከሚከራይበት ቤት ባለቤት ከጋሼ ክፍሉ ዘንድ ሄደ። ጋሼ ክፍሉ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ፣ የተጣላ አስታርቀው የማይጠግቡ ሰው ናቸው።

«የሰው እናት አስቀይመህ በስልክ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?» አሉት። «ሽማግሌ ነው የሚላከው። ተወው፣ ለእኔ ተወው።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ክፍሉ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ሦስቱም ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ ጣል አድርገው እትዬ ሰርክ ሱቅ ገቡ። በወጉ መሠረት ከተላክንበት ሳንናገር አንቀመጥም ብለው በረድፍ ቆሙ። ሶፎንያስ ውጭ በጋሼ ክፍሉ ታክሲ ውስጥ ቀርቷል።

እትዬ ሰርክ የስፌት መኪናውን አቆሙ። ሦስት ሽማግሌ፣ ሱፍ፣ ነጠላ፣ አንቀመጥም! ይህን አይቶ ሌላ የሚያስብ ሐበሻ የት ይገኛል? ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው አወጡ።

«ልጄ ተማሪ ናት» አሉ፤ ገና ምንም ሳይባሉ። «ትምህርቷን ሳትጨርስ የምሰጣት ልጅ የለችኝም።»

ጋሼ ክፍሉ ያዘጋጁት ንግግር ተደነባበረባቸው። «የለም፣ ወይዘሮ ሰርክ፣ ይስሙን እንጂ። ልጁ በልጅዎ ላይ ጥፋት አጥፍቷል። እሱም አምኗል። ነገሩ ሳይሰፋ በሽምግልና እንዲያልቅ ብለን ነው።»

«ጥፋት?» እትዬ ሰርክ ጠረጴዛውን ያዙ። ከሥዕሉ ላይ ያነበቡት ምስጢር መጣባቸው። «ምን አደረጋት? በስመ አብ! ስንት ወሯ ነው?»

ልኬት ላይ የነበረችው ደንበኛ አንድ እጅጌ እንደለበሰች ደርቃ ቀረች። ጋሼ ክፍሉ ወደ ጓደኞቻቸው አዩ፤ ጓደኞቻቸው ወደ ጣሪያው።

ራኬብ ከመጋረጃው ኋላ ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ብቅ አለች። መቆጣት ፈለገች፤ የሽማግሌዎቹ ፊት ግን አላስቆጣ አላት። «ማሚ፣ ምንም የለም። ለይቅርታ ነው የመጡት። ስለዚያ ሥዕል።»

«ለይቅርታ?»

«ለይቅርታ» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

«ብቻ?»

«ለጊዜው... ብቻ» አሉ ጋሼ ክፍሉ።

እትዬ ሰርክ ወንበራቸው ላይ ወደቁ። «ለይቅርታ አንድ ሰው ይበቃ ነበር!» አሉ ደረታቸውን እየደገፉ። «ሦስት ሆኖ ሱፍ ለብሶ የሚመጣው ለሌላ ነው። ልትገሉኝ ነው እንዴ? የታለ እሱ?»

ሶፎንያስ ተጠርቶ ገባ። ራኬብን ሊያይ አልደፈረም። በሩ ሥር ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ሥራውን፣ አዳራሹን፣ ሦስቱን ሥዕል፣ ሰው እንዲሰማት ማሰቡን። እትዬ ሰርክ አላቋረጡትም።

«"ከእናቷ" ብለህ የጻፍከው ለምንድነው?» አሉት ሲጨርስ።

«ሰው እናት የሚል ሲያይ ይከፍታል፣ እትዬ።»

«እናትህ አሉ?»

«አሉ። ደብረ ብርሃን።»

«እሳቸውስ ከፈቱት?»

«ከፍተውታል። ደውለው "ይህች ልጅ ምን ብታደርግህ ነው?" አሉኝ።»

እትዬ ሰርክ ልጁን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንግዲህ ሕግ ያጠናሽው አንቺ ነሽ። ምን ይላል?»

ራኬብ እናቷን እያየች መለሰች። «በአገር ቤት የሚዲያ ሕግ ማስተባበያ የሚባል አለ። ውሸቱ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን እውነቱ ይወጣል። ሰው በማያየው ጥግ አይደለም። በዚያው ቻናል፣ በዚያው ተምኔል።»

«በዚያው መጠን» አለ ሶፎንያስ። «ገባኝ።»

ጌድዮን መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። «ቻናል ራሱን ሲሰድብ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ራኬብ ትከሳለች» አለው ሶፎንያስ። «ፊቷን ሳናስፈቅድ ነው የሸጥነው። ምስክሯ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጌድዮን ሕግ ማን ያያል ያለውን ረስቶ፣ ጠበቃ ዘንድ ደወለ። ከጠበቃው ጋር ብዙም አላወራም። ስልኩን ዘግቶ «ፖስት አድርገውና ከዚህ ሂድልኝ» አለ።

ሶፎንያስ በሕይወቱ የመጨረሻውን ተምኔል ሠራ። የራሱን ፊት አነሣ። ዓይኑን እንደ እንቁላል አጎላ፣ አፉን አስከፈተ፣ ቀይ ክብ አደረገ። ቀስቱን ከአንድም ሦስት ሰካ። ከሥሩ «ጉዱ ፈላ! እናትና ልጅ ሊያጣላ የነበረው ውሸታም ተያዘ!» ብሎ ጻፈ። ሲከፈት እሱ ራሱ ይታያል። «ራኬብ የደበቀችው ምስጢር የለም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እሷን ስሟት» ይልና ይወጣል። ከዚያ ንግግሯ በሙሉ ይቀጥላል። እንዲቀጥልም ራኬብ ተጠይቃ ፈቅዳለች። ሳቁ ግን ከውስጡ ተቆርጦ ወጥቷል።

ፌርፋክስ በሳቅ ሞተ። ሶፎንያስ በመንገዱ ሲያልፍ ሰው ከሬስቶራንት ውስጥ ጣቱን እንደ ቀስት ይቀስርበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ሕፃናት «ያውና ውሸታሙ!» አሉ። ታክሲ ነጂዎቹ «ቀስቱ» ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ፊት ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚመስል አወቀው። አልተደበቀም፤ በየቀኑ በዚያው መንገድ ሄደ።

እትዬ ሰርክ በዚህ ጊዜ ቪዲዮውን ከፈቱት። ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ የሚሰፉት ቀሚስ እጃቸው ላይ ቀረ። ልጃቸው እንዲህ እንደምትናገር አያውቁም ነበር። ሲያልቅ ከፈገግታና ከእንባ መካከል ሆነው «ይህንንስ ደብቀሽኛል» አሏት። ከዚያ ወዲያ የገባው ደንበኛ ሁሉ ንግግሩን ሳይጨርስ ልኬት አይወሰድለትም። ብዙ ሰው ሕግ የሰማው ቆሞ፣ ወገቡ ላይ ሜትር ተጠምጥሞበት ነው።

አንድ ቀን ሶፎንያስ ሱቁ ደጃፍ ራኬብን ጠበቃት። ትንሽ የቪዲዮ ማስቀመጫ በእጇ አኖረ።

«ሳቅሽ ነው። ሌላ ኮፒ የለኝም። ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ።»

ራኬብ ይዛው ቆመች። መኪናዎች አለፉ። እሱም ጸጸቱን አልደጋገመም፤ ተሰናብቶ መንገድ ጀመረ።

«ሶፊ» አለች።

ዞረ።

«ቁርስ ምን በላህ?»

«ምንም።»

«ምሳስ?»

«ምሳም» አለ።

«እኔም» አለች ራኬብ። «ና፣ ሆዳችን ያውራ።»

እንደ ድሮው አንድ ሽሮ ለሁለት አዘዙ። ሁሉም ነገር በአንድ ማዕድ አልተመለሰም። ብዙ ሽሮ ፈጅቷል፤ ብዙ የዌስትውድ መንገድ፣ ብዙ ቀይ መብራት። እሱ ቪዲዮ መቁረጡን ትቶ ለአንድ የሕፃናት የአማርኛ ትምህርት ቤት ይቀርጽ ጀመር። እሷ ተመርቃ፣ ፊታቸው ያለ ፈቃዳቸው ለተሸጠ ሴቶች መቆም ጀመረች። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይዋ በአዳራሹ ካሳየቻቸው ከሶፎንያስ ሦስት ሥዕሎች በአንዱ ላይ የነበረችው ሴት ናት። ሶፎንያስም ቃሉን ጠበቀ፤ በራሱ ሥራ ላይ ቆሞ መሰከረ።

በዚያ ዓመት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ክፍሉና ሁለቱ ጓደኞቻቸው ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ጣል አድርገው እትዬ ሰርክ ሱቅ ገቡ። በረድፍ ቆሙ። አንቀመጥም አሉ።

እትዬ ሰርክ ስፒሎቻቸውን ከከንፈራቸው አላወጡም። «ዛሬስ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ።

«ዛሬ» አሉ ጋሼ ክፍሉ ኮታቸውን እየቆለፉ፣ «ሦስት ሆነን ለምንመጣበት ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ተሰማ። ራኬብ መተኮሻውን ትታ ወጣች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ያቺን ከመስመር የወጣች ጥርሷን ለሱቁ ሁሉ እያሳየች ሳቀች። ሶፎንያስ ውጭ፣ ታክሲው ዘንድ ቆሞ፣ በመስታወቱ አሻግሮ አያት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። አልነካውም።

ዛሬ ቤታቸው የሚመጣ እንግዳ የሽምግልናውን ቀን ታሪክ ሰምቶ ሲስቅ፣ ፎቶውን አሳዩን ማለቱ አይቀርም።

የዚያን ቀን ፎቶ የላቸውም።